የመንዝ ገበሬ፣ የጓሳ ሣርና ቀይ ቀበሮ

በሰሜን ሸዋ የመንዝ አርሶ አደር ለቀይ ቀበሮ ያለው አመለካከት ለሣር ካለው አመለካከት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተዘረጋው በጓሳ አውሬዋን ያቆየላት ለእርሷ ተብሎ የወጣ ሕግ አልነበረም፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለማስጠበቅ አባቶች ያቆሙት የቄሮ ሥርዓት እንጂ። በሥርዓቱ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ ይከፈታል። ሣሩ ሲጠበቅ አይጥና ፍልፈል ይበረክታል፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም ይኸው ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥሪት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ኋላ ነዋሪው ጥበቃውን በማኅበረሰብ ኮሚቴ መልሶ አቋቋመ፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ይህ ሁሉ ግን እረኛውንና አውሬዋን ፈጽሞ አላስታረቀም። ግልገል የጠፋበት ሰው ቀይ ቀበሮን ከተራው ቀበሮ ለይቶ ለመፍረድ ትዕግሥት አይኖረውም፤ ሊወቀስበትም አይገባም።

ትልቁ ስጋት የሚነሣው ግን ከገበሬው ደጅ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ቀይ ቀበሮ ለመራባት የደረሱት ቁጥራቸው 500 እንደማይሞላ ይገመታል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ በሽታው የሚዛመተው ከቤት ውሾች ነው። ውሻን ማስከተብና መንጋን ተከትሎ ወደ ጓሳ እንዳይወጣ መከልከል ለአርሶ አደሩ ተጨማሪ ሸክም ይመስል ይሆናል። ያው በሽታ ግን ከብቱንም ልጁንም ይገድላል።