መነሳቱንስ ይነሳል፤ መቆሙስ?

አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ አሮጌ ዳትሰን 240ዜድ ገዛና «ቲቸር፣ ሁለቱንም ሮተር ቀይር ተባልኩ፤ ብሩ ግን ለሁለቱም አይበቃም፤ ከየቱ ልጀምር?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ አሮጌ መኪና ለያዘ ሁሉ ስለሚሆን እዚሁ ልጻፈው። የኔ አቋም አጭር ነው፦ ብር ሲያጥር ከሚያስነሳው ዕቃ በፊት የሚያቆመው ይገዛል።

ግር የሚለው በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሮተር» ስለሚባሉ ነው። አንደኛው እኛ የፍሬን ዲስክ የምንለው ነው። ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ይይዘዋል። ሁለተኛው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለች፣ ጫፏ ላይ ብረት ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት። እየዞረች ከኮይል የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለካንዴላዎቹ በየተራ ታድላለች።

240ዜድ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1973 የተመረተ ባለ ስድስት ሲሊንደር ስፖርት መኪና ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህቺ ዕቃ ግማሹን፣ 3000 ጊዜ ትዞራለች። በአንድ ዙር ስድስት ብልጭታ ስታድል በሰከንድ 300 መሆኑ ነው። ጫፏ ቢቃጠል ምን ይገርማል? ሞተሩ ይቆራረጣል ወይም አልነሳም ይላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ አሮጌዋን መንቀል፣ አዲሷን መጫን። የምትገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ለመሳሳት እንኳን አትመችም።

የፊት ፍሬን ዲስኩ ሥራ አለው። ካሊፐሩ ይወርዳል፣ ዲስኩ ከሀቡ ጀርባ በቡሎን ስለታሰረ ሀቡ ራሱ ይወጣል፣ ኩሽኔታው ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይገባለታል። አዲሱ ዲስክ የዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ ሳይጸዳ አይገጠምም። የሚቀየረውም ሁለቱም ጎን በአንዴ፣ ሸራውም አብሮ ነው። አንዱን ጎን ብቻ ከቀየራችሁ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል።

ይሄን ወጪ ለመሸሽ ነው እንግዲህ «ቶርኖ ቤት ወስደህ አስተካክለው» የሚባለው። ውፍረቱ ፋብሪካው ከወሰነው ዝቅተኛ ልክ እስካልወረደ ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ግን ሙቀቱን አይችለውም፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ሙቀቱ ስንት ነው? ክፍል ውስጥ የሠራነውን አስታውሱ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ካይነቲክ ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ወደ 386 ኪሎ ጁል ይዟል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ጉልበት ነው። በድንገት ፍሬን ስትይዙ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ አብዛኛውን የሚሸከመው ደግሞ የፊት ፍሬኑ ነው።

«መንገድ መሃል የሚጠፋ ሞተርስ አደገኛ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ አደገኛ ነው። ግን ሞተሩ የጠፋበት ሰው ፍሬኑ ደህና ከሆነ ዳር ይዞ ይቆማል። ፍሬን ያጣ ሰው ግን መዘዙ ለእግረኛውም ይተርፋል። የእኛ አገር ቮልሶች አብዛኞቹ በዲስክ ፋንታ ታምቡር ቢኖራቸውም ሂሳቡ ያው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ ያልኩት፦ ዲስኩንና ሸራውን ግዛ፣ በተረፈህ ትንሿን ዕቃ ግዛ፤ ካልተረፈህ መኪናዋ ጥቂት ወር ግቢ ትቁም። ቀለሙም ቸርኬውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።