ስፌት የማን ሥራ ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ልታሰፉ ብትሄዱ ሲንጀር ላይ ተቀምጦ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትደርሱ ደግሞ ስፌት ላይ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። መርፌውም ክሩም ያው ነው። ታዲያ ላይ የወንድ ሙያ የተባለውን ታች የሴት ሥራ ያደረገው ምንድን ነው? ልማዳችን እንጂ አካላችን አይደለም።

አካል የሚወስነው ነገር ግን አለ። አንዲት ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ወልዳ ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን፣ "ረፋድ ላይ ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን ያርሰዋል፤ ልጄ ደሴ፣ ወተቷ እኔ ጋ" አለችኝ። ሐኪሞች ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ለአባት 3 ቀን። "ሴትና ወንድ እኩል ናቸው" ብለን ይህን የሰውነት ጉዳይ ብንዘነጋ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳው ላይ ስለሚሠራ ቀን ልጅቱን የሚይዛት እሱ ነው። እናቷ አልባ የተወችላትን ወተት ይሰጣታል፣ የሽንት ጨርቋን ያጥባል። የሚያጥበው ግን በር ዘግቶ ነው። አንድ ቀን ድንገት ብገባ ሳፋውን አልጋ ሥር ሲገፋ አየሁት። "አደራ እትዬ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ" አለኝ።

ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የተነሣው ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው፣ ማታ የቤቱ ሥራ ለብቻቸው የሚቀረው ለምንድን ነው ብለው በልጅነታቸው ጠየቁ። ዛሬ አውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል። መውለድና ማጥባት ግን እዚያም የእናት ነው።

ስለዚህ ቤታችንን በሁለት ጥያቄ እንፈትሽ፦ ይህን ሥራ የሰጠን አካላችን ነው ወይስ ሰው ምን ይለኛል? መውለዱ የእሷ ነው፤ ሳፋው ግን የማንም አካል ላይ አልበቀለም።

ይህን የጻፍኩት አስፈቅጄ ነው። "ስሜን ብቻ ይተዉት" አለኝ። ባለፈው እሁድ ሳልፍ ሳፋው በረንዳው ላይ፣ ከሲንጀሩ አጠገብ ነበር።