ጥፋቱ የፊት ሳይሆን የልኬት ነው

«እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የሰርግ አልበም ሲገለጥ እናት ፊታቸው ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ ይታያሉ። ወይም ደግሞ በኮምፒውተር ተነካክተው እንደ ዱቄት ነጥተው፣ የገዛ ልጃቸው እንኳ የማትለያቸው ሆነው ይወጣሉ። ፎቶ አንሺው ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጠቆር ስለሚሉ ነው፤ በኤዲቲንግ ይስተካከላል።»

ይህ መልስ ስህተት ነው፤ ስድብም አለበት። ጥፋቱ ብርሃኑን በቅጡ ሳይለካ ያነሳው ሰው ሆኖ ሳለ ዕዳው በተነሺው ቆዳ ላይ ይጫናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ውስጥ ያለው መለኪያ የሚያየው ከሰው ወይም ከዕቃ ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ነው። ከፊቱ የቆመው ነገር በተፈጥሮው ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል፦ የሚታየው ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ይላል። በተለምዶ ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው ይባላል። ግምቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ፣ ዙሪያዋን ነጠላ የደረቡ ዘመዶች ሲቆሙ ግን ይስታል። ካሜራው ነጩ «በዛ» ብሎ ብርሃን ይቀንሳል፤ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ለብቻቸው ሲነሱ ደግሞ ብርሃን ይጨምርና ፊታቸውን ያነጣዋል። ያው ቦታ፣ ያው ብርሃን፣ ያው ሰው፤ መልኩ ግን ሁለት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ለማመዛዘን ይሞክራሉ፤ ዞሮ ዞሮ ያም ግምት ነው።

በእጅ የሚያዝ ላይት ሜትር አይገምትም። ነጭ ጉልላት ያለው ዓይነት ከተነሺው ፊት አጠገብ ተይዞ፣ ጉልላቱ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ሰውየው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይለካል። ልብሱ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ፊቱ ቀይም ይሁን ጠይም ልኬቱ አይለወጥም። «አይኤስኦ 400፣ 1/125 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6» ካለ፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ለሙሽራዋም፣ ለሚዜውም፣ ለአያትም ያው ነው። ነጩ ነጭ፣ ጠይሙ ጠይም ሆኖ ይወጣል።

«ጥቁር ፊት ለፎቶ ያስቸግራል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ታሪክ አለው። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተስተካክሏል ማለት ነው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር ተደርድረው ሲነሱ የፊታቸው ቅርጽ ይጠፋ ነበር። ከኩባንያው ሠራተኞች በኋላ እንደተነገረው፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በተሻለ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች ይገኙበታል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ የመሥፈርቱ እንጂ የፊቱ አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ያለ ባለሙያ ያንኑ ሰበብ መድገሙ ያሳዝናል።

ክርክር አይጠፋም። «ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ስክሪኑ ላይ አይቶ ማስተካከል ይቻላል» ይባላል። ይቻላል፤ ግን ስክሪን በቀን ፀሐይ ያታልላል። ነጭነቱ አልፎ የተቃጠለ ጥበብ ጥለቱ አይመለስም፤ ከጨለማ በግድ የወጣ ፊትም ይሻክራል። እያንዳንዱ በተለያየ ኤክስፖዠር የተነሳ የሰርግ ፎቶ አንድ በአንድ ሲታረም ቀናት ይበላል። በእርግጥ መለኪያው ለሁሉም አይሆንም። የጥምቀትን ሰልፍ እየሮጠ የሚያነሳ ሰው እያንዳንዱ ፊት ሥር ሄዶ መለካት አይችልም። እሱም ቢሆን በዚያ ብርሃን ውስጥ ቆሞ አንዴ ለክቶ ካሜራውን በማኑዋል ቢያስቀምጥ፣ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ይበቃዋል።

የሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር ይወቅ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ የፍላሽ ብርሃን የሚለካ ያስፈልገዋል፤ ይህን የማይችል ሞዴል ብዙ ነው። አሮጌ ሲገኝ ዋጋው ደስ ይላል፤ ግን ጣጣ አለው። የሴሌኒየም ሴል ያለው ባትሪ አይፈልግም፤ ሆኖም በዕድሜ ብዛት ሊደክም ይችላል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙዎቹ በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም፣ በ1.5 ቮልት ሲተካም ብዙዎቹ ልኬታቸው ይዛባል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጥርት ባለ የቀትር ፀሐይ መሞከር ነው፦ በአይኤስኦ 100፣ በ1/100 ሰከንድ፣ ኤፍ 16 አካባቢ ካላሳየ ጥርጣሬ አለ።

አቅም የሌለውም ሰበብ የለውም። በካሜራቸው የሚለኩ የስልክ አፖች ያንኑ የተመለሰ ብርሃን ስለሚያዩ ስህተቱም ያው ነው። መዳፍ ግን ሁሉም አለው። ፎቶ አንሺው የራሱን መዳፍ አንድ ጊዜ ከግራጫ ካርድ ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን ቢይዝ (ብዙ ጊዜ አንድ ስቶፕ ያህል ይደምቃል)፣ በተነሺው ብርሃን ውስጥ መዳፉን እየለካ መሥራት ይችላል።

የፎቶ ማሠልጠኛዎች ከፎቶሾፕ በፊት ይህን ያስተምሩ። ደንበኛም «ፊት ያነጣል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «ብርሃን ይለካል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አያት ሲያልፉ ለልጅ ልጅ የሚቀረው ያ ፎቶ ነው። እዚያ ላይ መቅረት ያለበት የእሳቸው መልክ ነው፤ የካሜራ ግምት አይደለም።