ልጇን በዘፈን የሸሸገች እናት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የልጅ አያያዝ፣ የጓዳና የሥራ ነገር ነው። ዛሬ የአንዲት ዘፋኝ ታሪክ ይዘን ስንቀርብ «ደግሞ ዘፋኝ ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» የምትል አንባቢ እንደማትጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ታንብብልን፤ የልጅም፣ የሥራም፣ የጓዳ ገመናም ነገር ከውስጡ አይጠፋም።

ዘፋኟ ጆኒ ሚቸል ትባላለች። ኖቬምበር 7 ቀን 1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ አልበርታ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ፎርት ማክላውድ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሮበርታ ጆን አንደርሰን ነው። አባቷ በጦርነቱ ዘመን የአየር ኃይል ባልደረባ የነበረ፣ በኋላ ግን በሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ የኖረ ሰው ሲሆን እናቷ መምህርት ነበረች። የስንዴ አገር በሆነው በሳስካችዋን ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ አንዲት ልጃቸውን አሳደጉ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ልምሻ ያዛት። ፖሊዮ የምንለው ይህ በሽታ በዚያ ዘመን ለካናዳ እናቶችም መዓት ነበር። የመጀመሪያው ክትባት ለሕዝብ የደረሰው በ1955 ስለሆነ ለእርሷ ዘግይቶባታል። ከቤቷ ርቃ ሆስፒታል ተኛች፤ ጀርባዋ ተጣመመ፣ እግሮቿ አልታዘዝ አሉ። ዳግመኛ እንደምትራመድ የሚያረጋግጥላት ሰው አልነበረም። ራሷ እንደምትተርከው፣ የገና በዓል ሲደርስ አልጋዋ ላይ ሆና መዝሙሮቹን በከፍተኛ ድምፅ ትዘምር ነበር። አጠገቧ የተኛው ልጅ ቢያማርርም፣ ነርሷ ብትመጣም ድምፅዋን ትጨምር እንደሆነ እንጂ አትቀንስም። እንደተፈራው አልሆነም፤ ተነሥታ ሄደች። የግራ እጇ ግን ደካማ ሆኖ ቀረ።

በአገራችን የልጆች ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች እናት በልጅነቷ ሠፈር በልምሻ እግሩ የሰለለ የእኩያ ጓደኛ አታጣም። ኢትዮጵያ የምትገኝበት የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ነፃ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የተሰጠው ገና በ2020 ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ልጅቱ ጊታር እንዲገዛላት ስትጠይቅ እናቷ አልፈቀደችም። ጊታር በእናትየዋ ዓይን የባላገር ጭፈራ መሣሪያ ነበር። (እኛስ ብንሆን ክራር ያነሣችውን ልጅ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለን ስንገሥጽ አልኖርንም?) እርሷ ግን በራሷ ገንዘብ ዩኩሌሌ የሚባል፣ ባለ አራት አውታር፣ ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ገዛች። ጊታር ባገኘች ጊዜም አስተማሪ ሳትቀጥር የፒት ሲገርን የማስተማሪያ ሸክላ እያስቀመጠች ተማረች።

እዚህ ላይ ያ ደካማ የግራ እጅ መጣ። ሌሎች ጊታር መቺዎች የሚጨብጡት አያያዝ አልሆንልሽ አላት። የክራር ወዳጆች መላዋን ቶሎ ይረዱታል። ክራር ተጫዋች ትዝታ ሲያምረው አውታሮቹን በትዝታ ይቃኛል፤ ባቲ ወይም አንቺሆዬ ሲፈልግ እንደገና ይቃኛቸዋል። ጆኒም ጣቷ ብዙ ሳይደክም መሣሪያው ራሱ ያማረ ድምፅ እንዲሰጣት አውታሮቹን በራሷ መንገድ ትቃኝ ጀመር። በዕድሜዋ ከሃምሳ በላይ ቅኝቶችን እንደተጠቀመች ይነገራል። ዘፈኖቿን ለመጫወት የሞከሩ ብዙ የተማሩ ሙዚቀኞች ጣቶቻቸውን የት እንደሚያሳርፉ ግራ የገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በልጅነቷ ከሙዚቃው ይልቅ ሥዕል ትወድ ነበር። ካልጋሪ ከተማ በሥዕል ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ተምራ፣ ማታ ማታ በቡና ቤቶች ስትዘፍን ቆይታ በ1964 ወደ ቶሮንቶ ሄደች። ስትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። የልጁ አባት ክረምቱ ሳይገባ ጥሏት ሄደ። በከተማው በደህና ቦታ ለመዝፈን የሙዚቀኞች ማኅበር አባል መሆን ያስፈልግ ነበር፤ የመግቢያውን ክፍያ ግን የምትከፍለው አልነበራትም። ስለዚህ በአንድ ትልቅ መደብር የሴቶች ልብስ ክፍል ተቀጥራ መሥራት ጀመረች። ለወላጆቿ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

በፌብሩዋሪ 1965 ሴት ልጅ ወለደች። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነበር።

ያን ዘመን የማያውቅ ሰው «ካናዳ የሠለጠነ አገር፣ ምን ያስፈራታል?» ይል ይሆናል። ሆኖም ያላገባች ሴት መውለድ በዚያም አገር ቤተሰብን አንገት የሚያስደፋ ነገር ነበር። ብዙ ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲሰጡ ይገፋፉ እንደነበር ያጠናው የካናዳ ሴኔት ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት እነዚያን እናቶች በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳስቧል። ሕፃኗ ለጊዜው በአሳዳጊዎች ቤት ተቀመጠች። ጆኒ በዚያው ዓመት ቸክ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ አግብታ ወደ ዲትሮይት ሄደች። ልጇን መልሳ ለማሳደግ ተስፋ አድርጋ እንደነበርና ባሏ የሌላ ሰው ልጅ ለማሳደግ እንዳልፈለገ በኋላ ተናግራለች። ባልየው ነገሩን በሌላ መልክ ይተርከዋል። የሆነው ሆኖ የጉዲፈቻው ወረቀት ተፈረመ፤ ጋብቻውም ከሁለት ዓመት በላይ አልዘለቀም።

በዚህ ላይ ለመፍረድ እንቸገራለን። በእኛም አገር የሚበሉት አጥተው፣ ወይም ሐሜቱን ፈርተው፣ «የተሻለ ይማርልኛል» ብለው ልጆቻቸውን ለባዕድ የሰጡ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በኢትዮጵያ በሕግ የተከለከለው በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የሄዱት ዛሬ አድገው እናቶቻቸውን እያፈላለጉ ነው።

ጆኒ ግጥምና ዜማ ወደ መድረሱ ያዘነበለችው ልጇን ካጣች በኋላ መሆኑን ራሷ ተናግራለች። «ቦዝ ሳይድስ ናው» የተባለውን ዘፈኗን በ1967 ስትደርስ ሃያ አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። በዓለም ያስታወቀችው ግን እርሷ ሳትሆን ጁዲ ኮሊንስ የተባለች ዘፋኝ ናት። እዚህ ላይ ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች ልብ በሉ! ጆኒ ገና ስሟ ሳይታወቅ የዘፈኖቿን መብት የሚይዝ የራሷን ድርጅት አቋቁማ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው በዘፈናት ቁጥር የደራሲዋ ዋጋ ለራሷ ይደርሳት ነበር። ብዙ የዘመኗ ዘፋኞች የድካማቸውን ፍሬ ለአሳታሚ ነጋዴ አስረክበው ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ እርሷ አልቀረችም። የሸክላዎቿን ልባስ ሥዕል እንኳ አብዛኛውን ራሷ ትሥለው ነበር።

በ1971 «ብሉ» የተባለው ሸክላዋ ወጣ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ሊትል ግሪን» ይባላል፤ ትንሿ አረንጓዴ እንደ ማለት ነው። በየቤቱ ተሰማ፣ ተወደደም፤ ስለ ማን እንደተዘፈነ የጠየቀም ያወቀም ጥቂት ነበር። የተዘፈነው ለዚያች ሕፃን ነው። እናትየዋ ለገዛ ወላጆቿ ያልነገረችውን በአደባባይ ዘፍናው ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀድሞ የሚያውቃት ሰው ምሥጢሩን ለጋዜጣ ሸጠው።

ልጅቱስ? አሳዳጊዎቿ የወለዷት እየመሰላት አደገች። ራሷ ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ነው እውነቱ የተነገራት። ከጉዲፈቻው መሥሪያ ቤት ያገኘችው ወረቀት የእናቷን ስም አይገልጽም፤ ከሳስካችዋን የመጣች፣ በልጅነቷ ልምሻ ይዟት የነበረች፣ ዘፋኝ ለመሆን ወደ አሜሪካ የሄደች ሴት መሆኗን ግን ይናገራል። ነገሩን ከዚህም ከዚያም አገጣጥማ በ1997 እናቷን አገኘች። ጆኒ በአንድ ቀን ልጅም የልጅ ልጅም አገኘች ማለት ነው።

ይህን ወሬ የጻፉ መጽሔቶች እዚያ ላይ በደስታ ይዘጉታል። እኛ ግን የሆነውን መደበቅ አንወድም፤ ከተገናኙ በኋላ በእናትና በልጅ መካከል ጠብና ኩርፊያ ነበረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአንድ እቅፍ አይመለስም። ልጅቱ ለምን እንደተሰጠች ጥያቄ ነበራት፤ እናቲቱም ጠባየ ቀላል ሴት አይደለችም።

የጆኒን ሌሎች ሥራዎች መዘርዘር ጋዜጣውን ይሞላል። በ1970ዎቹ ከጃዝ ሙዚቀኞች ጋር ሠርታ የቀድሞ አድማጮቿን ማስከፋቷን፣ ሲጋራን ከልጅነቷ ጀምራ ለብዙ ዓመታት ማጨሷንና ቀጭኑ ድምፅዋ በዕድሜ መወፈሩን ብቻ ጠቅሰን እንለፍ።

በማርች 1995 አይደለም፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ በማርች 2015 ነው ሁለተኛው አደጋ የደረሰው። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቷ ራሷን ስታ ተገኘች፤ በአንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ችግር ደርሶባት ነበር። መናገርም መራመድም እንደ ሕፃን እንደገና መማር ግድ ሆነባት። ልጅ ሳለች ከልምሻ አልጋ የተነሣችው ሴት ለሁለተኛ ጊዜ «ቁሚ» ተባለች።

ጊታሩስ? ጣቶቿ የቀድሞ ሥራቸውን ረስተው ነበር። እነዚያ ሌላ ሰው የማያውቃቸው ቅኝቶች ደግሞ መምህር የላቸውም። ስለዚህ በወጣትነቷ የተቀረጹትን ፊልሞች እያስቀመጠች፣ ያቺ ወጣት ጣቶቿን የት እንደምታሳርፍ እየተመለከተች፣ ከራሷ ተማረች። በጁላይ 2022 በአሜሪካ ኒውፖርት በሚካሄደው የሕዝብ ዘፈን በዓል ላይ ሳይጠበቅ መድረክ ላይ ወጣች። ከዚያ በዓል ከተለየች ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ብዙዎቹን ዘፈኖች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጣቶች ከበዋት አዜመች። በመካከል ግን ጊታር አንሥታ ከወንበሩ ተነሣች፤ አንዲት ቃል ሳትዘፍን፣ ቆማ፣ ለብቻዋ መታችው።