የኦቴሎ መሐረብ

ባለፈው ሰንበት በሳሪስ አቦ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና በምንጠጣበት ጊዜ አንድ የሚያሳዝን ወሬ ተነሣ። ይኸውም አንድ የሰፈሩ ሰው፣ ከማያውቀው ወንድ የተላከ መልእክት በሚስቱ ስልክ ላይ ስላገኘ፣ ነገሩን ሳይመረምር ከቤቱ አስወጣት የሚል ነው። ይህን በሰማን ጊዜ ኦቴሎ የተባለው ቴያትር ትዝ አለን፤ ታሪኩንም ለተሰበሰቡት አጫወትናቸው።

ይህን የኀዘን ቴያትር የደረሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ሼክስፒር ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1604 በለንደን ቤተ መንግሥት ታይቷል። ወደ አማርኛም ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን (1928–1998 ዓ.ም.) መልሶታል። ኦቴሎ ስመ ጥር የጦር አዛዥ ነበረ፤ ኢያጎ የተባለ የበታች ሹሙ ግን ሚስቱ ዴዝዴሞና ካሲዮ ከሚባል መኰንን ጋራ እንደ ወደቀች አድርጎ ቀስ በቀስ አሳመነው። በዓይን የታየው ማስረጃ አንድ መሐረብ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ኦቴሎ ከቶ አልጠየቀም እንዳትል። ጠይቋል፤ ነገር ግን በልቡ ከፈረደ በኋላ ነው። የኢያጎ ሚስት ኤሚልያ ስለ እመቤትዋ ንጽሕና ብትምልለት አላመናትም። ዴዝዴሞናም ካሲዮ ተጠርቶ ይጠየቅ ብትለው፣ እርሱ አስቀድሞ እንዲገደል ተስማምቶ ነበር። ካሲዮ ግን ቆስሎ ተርፎ ኖሮ፣ መሐረቡን ከማደሪያ ክፍሉ እንዳገኘው በአንድ ቃል አስረዳ። መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነበረ፤ የመጣው ግን ዴዝዴሞና በባልዋ እጅ ከሞተች በኋላ ነው።

ኤሚልያም ብትሆን መሐረቡን ከወደቀበት አንሥታ ለባልዋ የሰጠች እርስዋው ናት። እመቤትዋ ስትፈልገው እያየች ዝም አለች፤ እውነቱንም ስትናገር ጊዜው አልፎ ነበር።

ከዚህ ላይ ስንደርስ ከሴቶቹ አንዲቱ አንገትዋን ደፍታ፣ «መልእክቱን የላከው ከአገር ቤት የመጣው የአክስትዋ ልጅ ነው። በሰው ትዳር አልገባም ብዬ ዝም አልሁ» አለች።

የቤቱ እመቤት ስኒዋን አስቀምጣ፣ «እንግዲያው ምን ያስቀምጥሻል? ነጠላሽን ልበሺ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። በረካው ሳይቀዳ ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ሳትፈርዱ ጠይቁ። ጎረቤቶችም ሆይ፣ የምታውቁትን እውነት ለለቅሶ ቀን አታቆዩት።