መንገድ ከቤት ይቅደም

ለነጋዴ መንገድ ማለት የሱቁ ሁለተኛ በር ነው። ዕቃ የሚገባበትና ገዢ የሚመጣበት መንገድ የጠበበ እንደሆነ ሱቁ ምንም ቢያምር እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ይህን አሳብ ለተከበሩ አንባቢዎች ለማቅረብ የደፈርሁት በከተማችን ዳርቻ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲሠሩ የመንገዱ ነገር ከቤቱ በኋላ ሲታሰብ በማየቴ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ መንገዱም ከሰፈር ወደ ሰፈር ሰውና ከብት የረገጡት ሆኖ ቀረ። በዚያ ዘመን ጭነት በአጋሰስና በአህያ ይጓጓዝ ስለ ነበር ጉዳቱ አልጎላም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ ግን በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ እያንዳንዱ ሰፈር የአንድ ከተማ ያህል ሕዝብ ይዟል። ንድፍና መሐንዲስ እያለን የጥንቱን ልማድ መድገም አያስመሰግነንም።

እኔ በአንድ የጅምላ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የጭነት መኪናው የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ሰዓት የምመዘግብ እኔ ነኝ። አሠሪዬ ከአዲሶቹ ሰፈሮች በአንዱ ከፎቅ ሥር ያለ ሱቅ በጨረታ ገዙ። ሰፈሩ ከአውራ ጎዳናው ጋር የሚገናኘው በአንዲት መግቢያ ብቻ ነው። በማለዳ የወጣው መኪና በዚያች መግቢያ ከአውቶቡስ፥ ከታክሲና ከተማሪ ጋር ሲጋፋ ቆይቶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል ተብሎ የታሰበው አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል። ማራገፊያ ስፍራ ስለሌለም መንገድ ላይ ቆሞ ያራግፋል፤ ሹፌሩም ይቀጣል። ባለፈው ክረምት የውሃ ቧንቧ ለመጠገን መግቢያዋ በተቆፈረች ጊዜ ሱቁ ሦስት ቀን ያለ ዕቃ ዋለ። የዚህ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ በሳሙናውና በዘይቱ ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ከፋዩም የሰፈሩ ነዋሪ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ ማንኛውም ሰፈር ቢያንስ ሁለት መግቢያ ይኑረው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ በአባሪው ላይ ከ30 በላይ ነጠላ ቤቶች ያሉበት ሰፈር በመሠረቱ ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች እንዲኖሩት ይጠይቃል። አንዱ ቢዘጋ የእሳት አደጋ መኪና በሌላው እንዲገባ ነው። የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ለነጋዴም ያልፋል።

ሁለተኛ፥ የሰፈሩ መንገዶች የሚገናኙበት ሁኔታ ይጠና። በመሐንዲሶች አቆጣጠር አንድ ተራ መስቀለኛ መንገድ መኪኖች የሚተላለፉባቸው፥ የሚቀላቀሉባቸውና የሚለያዩባቸው 32 ነጥቦች አሉት፤ ሦስት መንገድ ብቻ በሚገናኝበት ግን ነጥቦቹ 9 ናቸው። ስለሆነም መስቀለኛውን በየመቶ ሜትሩ ከማብዛት ይልቅ አሳስቶና አራርቆ መሥራት ግጭትንም መጨናነቅንም ይቀንሳል።

ሦስተኛ፥ ለዕቃ ማራገፊያ፥ ለአውቶቡስ ማቆሚያና ለእግረኛ የሚሆን ስፍራ በንድፉ ላይ አስቀድሞ ይከለል። በ2011 ዓ.ም. በከተማችን በከባድ የጭነት መኪኖች ላይ የሰዓት ገደብ በተጣለ ጊዜ ብዙ ነጋዴ ሌሊት ለማራገፍ ተገድዶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስፍራው ቀድሞ ቢታሰብ ኖሮ ችግሩ በቀለለ ነበር።

መሬት ውድ ነው፤ ለመንገድ የሚተወው ስፋት ቤት ያሳጣል የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ከተሠራ በኋላ መንገድ ለማስፋት አጥር ማፍረስና ካሣ መክፈል ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ቤትም ገንዘብም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ የነጋዴው አቤቱታ ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ ቢሰማ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን አዲስ ሰፈር ገና በወረቀት ላይ ሳለ የነጋዴውን አሳብ ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች እንዲያቀርብ በትሕትና አሳስባለሁ። አባሎችም መኪናቸው በየመግቢያው የሚያጠፋውን ሰዓት እየመዘገቡ ለምክር ቤቱ ቢያስረዱ አቤቱታችን በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።