ጉበት የሚሰባው በጮማ ብቻ አይደለም

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የክበባችን ወጥ መቅጠን ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ብዙ የማይወራለትን ነገር ላንሣ፤ ይኸውም ጉበት ላይ ስለሚከማች ስብ ነው።

አንድ ሰው «ሐኪሙ ጉበትህ ስብ አለው አለኝ» ብሎ ቢናገር በእኛ ዘንድ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «ድሮስ፣ መለኪያውን መች አስቀምጦ ያውቃል!» ይባላል። መጠጥ የማይቀምስ ከሆነ ደግሞ «የጥጋብ በሽታ ነው፣ ጮማ በዝቶበት ነው» ይባላል። ሁለቱም ፍርዶች ሰውየውን አፍ ያስይዙታል። ያፈረ ሰው ለክትትል ተመልሶ አይሄድም። ጉበት ደግሞ ሕመሙን ቶሎ የሚናገር አካል አይደለም፤ ብዙዎች የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሡ ነው። ዝም ብሎ የቆየው ስብ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጉበቱን ያቆስላል፣ ያጠነክራል፣ ከዚያም አልፎ ለካንሰር ይዳርጋል።

አረቄ ጉበትን አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ይጎዳል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ዶክተር ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው የጠጪ ጉበት የሚመስል ጉዳት መጠጥ በማያበዙ 20 ሕሙማን ላይ ማግኘታቸውን ጻፉ። ዛሬ ይህ የጉበት ስብ በዓለም ላይ ካሉት አራት አዋቂዎች ከአንዱ በላይ እንደሚገኝ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዘርፉ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ሲለውጡ አንደኛው ምክንያታቸው የቀድሞው ስም በሽተኛውን ያሳፍራል የሚል ነበር። ታዲያ እነሱ ስሙን ከለወጡ፣ እኛ ሐሜቱን መተው እንዴት ያቅተናል?

«የጥጋብ በሽታ» ለሚሉትም መልስ አለ። በምግብ እጥረት፣ በኳሺዮርኮር ያበጠ ሕፃን ጉበቱ በስብ የተሞላ ነው። የሚመጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ ግን ጉበት ላይ ስብ ማየት ብቻውን ስለ ሰውየው ጥጋብ ምንም አይናገርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንበላው ስኳርና ነጭ ዱቄት ሰውነት ያልተጠቀመበትን ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ከስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ የሚባለው ሲሆን፣ የሱ ዋና ሥራ የሚያልቀው እዚያው ጉበት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ጡንቻው ስኳሩን አይቀበለውም፣ ለኢንሱሊንም መታዘዝ ያቆማል፤ ሁሉም ጉበት ላይ ይጫናል። ከጉበቱ ከ5 በመቶ በላይ ስብ ሲሆን ሐኪሞች በሽታ ይሉታል። ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር አብሮ መምጣቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ቀጭን ነኝ ብሎ መኩራትም አያዋጣም፤ ቀጫጭኖችንም ይይዛል።

በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ጥናት አለ። በስዊድን ኡፕሳላ ተመራማሪዎች 39 ጤነኛ ወጣቶችን ለ7 ሳምንት ተጨማሪ ኬክ አበሏቸው። ለግማሾቹ ኬኩ የተጋገረው በፓልም ዘይት ነው፤ ለቀሩት በሱፍ ዘይት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ሁሉም በኪሎ እኩል ጨመሩ፤ ጉበታቸው ላይ ግን የፓልም ዘይት የበሉት በጣም የበለጠ ስብ ተገኘባቸው። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ ስትወርዱ ቦምቦሊኖውና ፓስቲው በምን ዘይት እንደሚጠበስ ለማወቅ ተማራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋውን ዘይት ሁላችንም እናውቀዋለን። (ጾመኛውም እዚህ ላይ አይዝናና። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ መልካም ናቸው፤ ፓስቲና ለስላሳ ግን «የጾም» በመሆናቸው ብቻ ለጉበት አይራሩም።)

አሁን ወደ ክበባችን ልመለስ። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚቀርበው። «ያለ ስኳር» ያለ ሰው እንደ ታማሚ ይታያል። በዕረፍት ሰዓት ብስኩትና ለስላሳ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል የሚለው ለቀኑ ሙሉ ነው! «እጩ መምህር ሌላ ምን አቅም አለው?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የዋጋውን ነገር አልቀበለውም። የተቀቀለ ሽምብራ፣ ቆሎና አሹቅ ከታሸገ ብስኩት ጋር ተወዳድረው በዋጋ የሚያፍሩ አይደሉም። ችግሩ ክበቡ አለማቅረቡ፣ እኛም አለመጠየቃችን ነው።

ስለዚህ የክበቡ ኮሚቴ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ሻይና ቡና ያለ ስኳር ይቀዱ፣ ስኳሩን የፈለገ ራሱ ይጨምር። ቡና በብዙ ጥናቶች ለጉበት ደግ ሆኖ ተገኝቷል፤ በስኳር ሽሮፕ ማድረጋችን ነው እንጂ። ቆሎና ሽምብራ በየቀኑ ይኑሩ። መጥበሻው ላይ የሚረጋው ዘይት በሚፈስሰው ይለወጥ፤ የአንድ ዘይት ዋጋ ልዩነት ካለ ኮሚቴው በግልጽ ይለጥፍልን፣ እንወያይበት።

መምህራኖቻችንም ሆናችሁ ከእኛ መካከል ስብ ተገኝቶበታል የተባለ ቢኖር፣ ሐኪሞች የሚሉት ክብደት ለበዛበት ሰው ከኪሎው ከመቶ 7 እስከ 10 መቀነስ ጉበቱን በግልጽ እንደሚያሽል ነው። እስከ ሜክሲኮ ታክሲ ትቶ በእግር መሄድም አንድ መጀመሪያ ነው። እጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ስለ ጉበት ስናስተምር ከሥዕሉ አጠገብ የአረቄ ጠርሙስ ብቻ እንዳንሥል፤ የለስላሳውንም ጠርሙስ እንጨምርበት።